ሃምሳ ሎሚ ስንት ቀን ይቆያል?

ዱርቤቴ ገበያ ሎሚ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ፣ መራዊንና ወተት ዓባይን አልፋችሁ ወደ ዳንግላ ስትሄዱ ዋናው መንገድ ራሱ ወደ ከተማዋ ያስገባችኋል። ሎሚው መሬት ላይ በተነጠፈ ጆንያ በመደብ በመደብ ተቆልሎ ይሸጣል። እስኪ ከመደቡ ላይ አንዷን አንሡና አገላብጧት። አንዳንዴ ከሥሯ ለስለስ ያለች፣ ውሃ የቋጠረች የምትመስል ነጥብ ታገኛላችሁ። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነጥቧ ትሰፋና ነጭ ሻጋታ ታወጣለች። ከዚያ መሀሏ የወይራ ፍሬ የመሰለ አረንጓዴ አቧራ ይለብሳል። አቧራው ብን ሲል ደግሞ ወደ ጎረቤቶቿ ይሄዳል።

የዛሬው ታሪካችን ስለዚህች ነጥብ ነው።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለውን ተረት ሁላችሁም ሰምታችኋል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ መተባበር ነው። እኔ ግን በምህንድስና ዓይን ሳየው ስለ ጊዜም ይናገራል እላለሁ። ሃምሳ ሎሚ የያዘ አንድ ሰው ሃምሳውንም ዛሬ መብላት አይችልም፤ ዛሬ ካልሸጠ ደግሞ ነገ ይበሰብስበታል። ገዢውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ በዋጋ ሲከራከሩ ከሁለቱ መሀል ቁጭ ብሎ የሚደልለው ሻጋታው ነው። አምራቹ ሎሚውን ሦስት ሳምንት ማቆየት ቢችል ኖሮ "አይ፣ በዚህ ዋጋ አልሸጥም" ብሎ ወደ ቤቱ መመለስ ይችል ነበር።

ታዲያ ምን ይሻላል? ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት መልስ "ትልቅ ፍሪጅ" የሚል ነው። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ግን ከመጨረሻው ይጀምራል። ሰዎች ብርቱካንና ሎሚ ለማቆየት የታገሉበትን ታሪክ ስትከተሉ ቅደም ተከተሉ ሌላ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ ጥላ፣ ከዚያ ቅዝቃዜ። እስኪ አብረን እንየው።

ሎሚ ሲቆረጥ ይሞታል እንዴ?

አይሞትም። ከዛፉ የተለየ ሎሚ መተንፈሱን ይቀጥላል። ኦክስጅን ያስገባል፣ ውስጡ ያለውን ስኳርና አሲድ ቀስ እያለ ያቃጥላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሙቀት ያወጣል። የጓዳውን እህል እየበላ እንደሚኖር ሰው አስቡት። ከውጭ የሚመጣለት የለም፤ ያለችው ስታልቅ እሱም ያልቃል።

ቅዝቃዜ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥር የፍሬው አተነፋፈስ ወደ ግማሽ፣ አንዳንዴም ወደ ሲሶ ይወርዳል። ጓዳው ውስጥ ያለችው እህል ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ጊዜ ትቆያለች ማለት ነው።

ሁለተኛው ጠላት ጥማት ነው። ፍሬው በልጣጩ በኩል ውሃ ያጣል። ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል ውሃ ከወጣ ልጣጩ መጨማደድ ይጀምራል፤ ሚዛን ላይም ሲወጣ ያጠፋው ይታያል።

ሦስተኛው ሻጋታው ነው። አረንጓዴው ፔኒሲሊየም ዲጂታተም ይባላል፤ ሰማያዊው ወንድሙ ደግሞ ፔኒሲሊየም ኢታሊከም። ስማቸው ከፔኒሲሊን ጋር መመሳሰሉ በአጋጣሚ አይደለም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 መድኃኒቱን ያገኘበት ሻጋታ የእነዚሁ ዘመድ ነው። ስለ አረንጓዴው ሻጋታ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። ጤነኛ ልጣጭ ሰብሮ መግባት አይችልም። በር ይፈልጋል።

ስድስት ቀን ብቻ የዘለቀው ሙከራ

ሎሚ ማቆየት የሞትና የሕይወት ጉዳይ የነበረበት ዘመን ነበር። በረጅም የባሕር ጉዞ ላይ መርከበኞች ድዳቸው ይደማል፣ ጥርሳቸው ይረግፋል፣ የዳነ ቁስላቸው እንደገና ይከፈታል። በሽታው ስከርቪ ይባላል። በግንቦት ወር 1747 እ.ኤ.አ. ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም ሳልዝበሪ በተባለች መርከብ ላይ 12 ሕመምተኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ከፈላቸው። ለአንዱ ጥንድ ኮምጣጤ፣ ለሌላው የባሕር ውሃ፣ ለሌላው የፖም ጠጅ እያለ የተለያየ ነገር ሰጣቸው። ከጥንዶቹ አንዱ በቀን ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ ደረሰው። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች አንዱ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሌላኛው ደግሞ ድኖ የቀሩትን ሕመምተኞች እንዲያስታምም ተመደበ።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ፍሬው የቆየው ስድስት ቀን ብቻ ነው፤ በስድስተኛው ቀን አለቀ። መድኃኒቱ ተገኘ፣ መርከቧ ላይ ግን የለም።

ሊንድ መፍትሔ አሰበ። የብርቱካንና የሎሚ ጭማቂውን ለብዙ ሰዓት በሙቅ ውሃ ላይ አትንኖ እንደ ሽሮፕ ወፍራም አደረገው፤ ይህ በጠርሙስ ረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ብልህ ሐሳብ ነው፣ አይደል? ችግሩ ሙቀቱና የቆይታው ጊዜ የሚያድነውን ነገር ራሱን አብዛኛውን አጠፉት። ያ ነገር ቫይታሚን ሲ ነው፤ ማንነቱ በትክክል የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለመርከበኞቹ የሎሚ ጭማቂ በመደበኛነት ማደል የጀመረው በ1795 ሲሆን ከሊንድ ሙከራ ወደ 50 ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ቀላል ነው፤ ሎሚን ማቆየት ሲባል ቅርጹን ብቻ ሳይሆን ውስጡን ማቆየት ማለት ነው።

የበረዶው ባቡርና የጥፍሩ ጉዳይ

አሁን ከባሕር ወደ ባቡር እንሻገር። የካሊፎርኒያ ገበሬዎች ብርቱካን ያመርታሉ፤ ገዢዎቻቸው ያሉት ግን በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀው በአሜሪካ ምሥራቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 አንድ ፉርጎ ብርቱካን ከሎስ አንጀለስ ወደ ሴንት ሉዊስ ተላከ፤ መንገዱ አንድ ወር ገደማ ፈጀ። በ1886 ብርቱካን ብቻ የጫነ ሙሉ ባቡር ተነሣ። ቀጥሎ በረዶ የሚጫንባቸው ፉርጎዎች መጡ። በፉርጎው ሁለት ጫፍ የበረዶ ሣጥን አለ፤ በየጣቢያው ሠራተኞች ጣራ ላይ ወጥተው በመክፈቻው በኩል አዲስ በረዶ ይጨምራሉ።

ታዲያ በረዶው እያለም ብርቱካኑ ይበሰብስ ነበር። ገበሬዎቹ ባቡሩን ወቀሱ፣ የአየር ጠባዩን ወቀሱ፣ በረዶው አነሰ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ባለሙያ የነበረው ሃሮልድ ፓወል ከባልደረቦቹ ጋር ነገሩን ሊመረምር ወረደ። ፓወል ምርመራውን ከባቡሩ አልጀመረም፤ ከዛፉ ሥር ጀመረ። ለቃሚውን ተከተለ፣ ሣጥኑን ከፈተ፣ ማሸጊያ ቤቱን ተመለከተ።

ያገኘው ነገር አሁንም ይገርመኛል። ብርቱካኑን የሚያበሰብሰው በዋናነት የለቃሚው መቀስ ጫፍ፣ የጣት ጥፍር፣ ረዝሞ የቀረው የፍሬው እጀታ ጎረቤቱን ሲወጋ፣ ሣጥኑ ውስጥ የቀረ ጠጠር ነበር። በጥንቃቄ የተለቀመውንና እንደወትሮው የተለቀመውን ብርቱካን ለይቶ አብሮ ሲልክ፣ በጥንቃቄ የተያዘው ሩቅ አገር ደርሶም ጤነኛ ነው፤ የተጫረው ግን በበረዶ ውስጥም ይበሰብሳል። "ሻጋታው በር ይፈልጋል" ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በሩን የሚከፍተው የሰው እጅ ነው። የምርመራው ውጤት በ1908 ታተመ። ለቃሚዎች ጓንት ማድረግ፣ ጫፉ ድልዱም የሆነ መቀስ መያዝ፣ ፍሬውን መወርወር ትቶ ማስቀመጥ የሥራው ደንብ እየሆነ መጣ።

ታሪኩ ሌላም ጫፍ አለው። የካሊፎርኒያ ገበሬዎች ከ1893 ጀምሮ በኅብረት ተደራጅተው ነበር፤ ዛሬ ሰንኪስት በሚለው ስሙ የምናውቀው ማኅበር ማለት ነው። ፓወል በ1912 የዚሁ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ጓንቱን፣ ማሸጊያ ቤቱን፣ ፍሬው ከመጫኑ በፊት የሚቀዘቅዝበትን ክፍል አንድ ገበሬ ብቻውን አልገዛም። ሃምሳው ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ምድጃው ያወጣው ጭስ

አጭር ወሬ ላክልላችሁ። በዚያው ዘመን ካሊፎርኒያ ውስጥ አረንጓዴ ሎሚ ቢጫ እንዲሆን የነጭ ጋዝ ምድጃ በሚነድበት ክፍል ያስቀምጡት ነበር። ሙቀቱ ነው የሚያቀላው ብለው ያምኑ ነበር። አንዳንዶች ወደ ተሻለና ንጹሕ ማሞቂያ ሲቀይሩ ግን ሎሚው እንቢ አለ! ኋላ ሲጣራ ሥራውን የሚሠራው የምድጃው ጭስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ዴኒ የተባለ ተመራማሪ ጭሱ ውስጥ ያለው ኤትሊን የተባለ ጋዝ መሆኑን አሳየ።

ይህ ለእኛ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ የልጣጭ ቀለም ሌላ፣ ብስለት ሌላ ነው። ሌሊቱ በማይቀዘቅዝበት ቆላ አገር ብርቱካን ጣፍጦም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ብርቱካንና ሎሚ እንደ ሙዝ ወይም እንደ አቮካዶ ከተቆረጡ በኋላ አይበስሉም፤ ዛፉ ላይ ያልጣፈጠ ብርቱካን ቤት ውስጥ አይጣፍጥም። ሁለተኛ፣ የሚበስል ሙዝና የሻገተ ሎሚ ሁለቱም ኤትሊን ያወጣሉ። ሎሚያችሁን ከእነሱ ጋር በአንድ ክፍል ካጠራቀማችሁ እርጅናውን እያፋጠናችሁት ነው።

ብርድም ሲበዛ ያቃጥላል

"ቅዝቃዜ ይጠቅማል ካላችሁ 0 ዲግሪ እናድርገው" የሚል ሊኖር ይችላል። ተዉ! ሎሚ የሞቃት አገር ልጅ ነው። ከመጠን በላይ ሲበርደው ልጣጩ ይጎደጉዳል፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ከብርዱ ሲወጣ ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል። ጉዳቱ የሚታየው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ሰው ብርዱን አይጠረጥርም።

ስለዚህ ለየፍሬው የሚስማማው ልክ የተለያየ ነው። ብርቱካን ከ3 እስከ 8 ዲግሪ ላይ እስከ ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። መንደሪን ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ይወዳል፤ ቆይታው ግን በሳምንታት የሚቆጠር ነው። ትልቁ ወፍራም ልጣጭ ያለው የፈረንጅ ሎሚ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ላይ ለወራት ይቀመጣል። የእኛ ገበያ ትንሹ ስስ ልጣጭ ሎሚ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ላይ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ሁሉም ግን አየሩ እርጥብ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ 90 በመቶ አካባቢ። ደረቅ ብርድ ውሃቸውን ይመጥጣል።

አሁን ያቺን ከ10 እስከ 13 የምትለዋን ቁጥር ያዙና ወደ አገራችን እንመለስ።

ከዘጌ እስከ ቡሬ

ሎሚና ትርንጎ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደሉም። የጣፋጩ ብርቱካን ስም እንኳ ታሪክ ይዟል፤ ፍሬውን በዓለም ካዞሩት ከፖርቱጋሎች አገር ስም በዐረብኛና በቱርክ በኩል ዞሮ ነው "ብርቱካን" የሆነው። ለጎጃም ሰው በቅርብ ያለው ምሳሌ ጣና ዳር ያለችው ዘጌ ናት። አቡነ በትረ ማርያም ከሚባሉት አባት ጋር በተያያዘው ትውፊት መሠረት በዘጌ መሬት አይታረስም፤ ሰዉ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ሎሚው በታንኳ ተጭኖ ባሕር ዳር ይወርዳል። እዚያ የቆየው ዘዴ ቀላል ነው፤ ሎሚ ማቆያው ዛፉ ነው። የሚሸጠውን ያህል ብቻ ይለቀማል፣ የቀረው በጫካው ጥላ ይጠብቃል። ይህ ዘዴ ግን ልክ አለው፤ ዛፍ ላይ ከመጠን በላይ የቆየ ፍሬ ይረግፋል።

በሌላው የአገሪቱ ጫፍ፣ በላይኛው አዋሽ ሸለቆ፣ እንደ ኑራ ኤራና መርቲ ያሉ ትልልቅ እርሻዎች ለረጅም ጊዜ የአዲስ አበባን ብርቱካን አቅርበዋል። ቆላው ይሞቃል፤ ፍሬው በጭነት መኪና ሽቅብ ወደ ደጋ ይወጣል። ትኩሱ ከማይሸጠው ከፊሉ መርቲ ፋብሪካ ገብቶ ማርማላታ ሲሆን አስታውሱ፤ እሱም ማቆያ ነው። ስኳሩ ውሃውን ስለሚይዝ ሻጋታ የሚጠጣው ያጣል።

ወደ ምዕራብ ጎጃም ስንመጣ፣ መራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታቀደው የቆጋ መስኖ አለ። ቡሬ ላይ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ከቡሬ ቀጥሎ ፍኖተ ሰላም። መስኖው፣ መንገዱ፣ ፋብሪካው በአንድ መስመር ላይ ናቸው። በመሀል የጎደለው ከዛፉ እስከ መኪናው ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው።

የእንስራ ፊዚክስ

ከሸክላ እንስራ የተቀዳ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ሸክላው በጣም ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። ውሃው ወደ ውጭ ያልበዋል፣ ይተናል፤ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አንድ ሊትር ውሃ ለመትነን ወደ 2,400 ኪሎ ጁል ሙቀት ይወስዳል። እስኪ እናስላ። 100 ኪሎ ሎሚን በ10 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ ወደ 3,700 ኪሎ ጁል ማውጣት አለብን። ስናካፍለው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ብቻ ይሆናል! በእውኑ ዓለም ግድግዳውም አየሩም ስለሚሞቁ ብዙ እጥፍ ያስፈልጋል፤ ቢሆንም በባልዲ የሚቆጠር እንጂ በቦቴ የሚቆጠር አይደለም።

ይህን ሐሳብ በሕንድ ኒው ዴልሂ ያለው የግብርና ምርምር ተቋም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ጡብ ቀየረው። ሁለት የጡብ ግድግዳ አንዱ በአንዱ ውስጥ ይሠራል። በመሀላቸው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ክፍተት አለ፤ እሱ በአሸዋ ይሞላል። አሸዋው ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። ከላይ የሳር ክዳንና ጥላ። ኤሌክትሪክ የለውም፣ 100 ኪሎ ገደማ ይይዛል፣ ውስጡ ሎሚ የሚወደውን እርጥብ አየር ይሰጣል።

አሁን ቁጥሯን አውጧት። ዱርቤቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በበጋ ቀን አየሩ 26 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 30 በመቶ ቢሆን፣ ትነት ብቻውን ሊያወርደን የሚችለው እስከ 15 ዲግሪ ገደማ ነው። ግድግዳው ፍጹም ስላልሆነ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ይላል። የደጋው ሌሊት ደግሞ ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ማታ ክዳኑን ከፍቶ ብርዱን ማስገባት፣ ጠዋት መዝጋት ነው። ሎሚ የሚፈልገው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ አልነበር? ደጋችን በበጋ የሎሚ ጓዳ ለመሆን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው የጎደለው።

ሳልዋሽ ግን ልንገራችሁ፤ ይህ በክረምት አይሠራም። አየሩ ራሱ ውሃ ጠጥቶ ጠግቦ እያለ የእናንተን ውሃ አይወስድም። ለብርቱካን የሚያስፈልገውን 5 ዲግሪም በትነት አታገኙትም። እዚያ እውነተኛው ማቀዝቀዣ ክፍል፣ መጭመቂያው፣ አስተማማኝ ኤሌክትሪኩ የግድ ነው። መብራት የጠፋበት ማቀዝቀዣ ክፍል ደግሞ በሩ የተዘጋ ሙቅ ቤት ነው። ለዚህም ነው ቅዝቃዜ ሦስተኛ ነው ያልኳችሁ።

መጀመሪያ እጅ። ሎሚውን በዘንግ መትቶ ከማውረድ በመቀስ መቁረጥ፤ እጀታውን አሳጥሮ፣ አናቱ ላይ ያለችውን አረንጓዴ ቁልፍ መሳይ ሳይነቅሉ። ጤዛው ሳይደርቅ አለመልቀም፤ ውሃ የጠገበ ልጣጭ ትንሽ ሲጨመቅ የዘይት ከረጢቶቹ ይፈነዱና ዘይቱ ራሱ ልጣጩን ያቃጥለዋል። ከጆንያ ይልቅ ሣጥን፤ ጆንያ ውስጥ ያለው የታችኛው ሎሚ የላይኞቹን ሁሉ ይሸከማል። የተጫረውን ለይቶ ዛሬውኑ መሸጥ። ቀጥሎ ጥላ፤ ከተቆረጠበት ደቂቃ ጀምሮ። ሦስተኛ ቅዝቃዜ፣ መጀመሪያ በአሸዋና በውሃ፣ አቅም ሲገኝ በማሽን።

መቀስና ሣጥን አንድ ቤተሰብ ይገዛል። የጡቡን ጓዳ አምስት ጎረቤት ይሠራዋል። ማሽኑን ግን ሃምሳ ሰው ካልተሸከመው ለአንዱ ሸክም ነው።

አላምንም የሚል ካለ ቤቱ ይሞክረው። አሥር ጤነኛ ሎሚ ግዙ። አምስቱን በጥፍራችሁ ጫር አድርጓቸው፣ አምስቱን አትንኩ። ለየብቻ ሣጥን ውስጥ አድርጋችሁ አንድ ጥላ ቦታ አስቀምጡ። በየማለዳው የሻገተውን ቁጠሩና ጻፉ። ፓወል ከመቶ ዓመት በፊት የሠራውን ሙከራ ነው የምትደግሙት። ሁለት ሳምንት ይበቃል፤ ከጤነኞቹ የተረፈውን ደግሞ ለጥምቀት አስቀምጡት፣ የሚወረወር ሎሚ ጭረት የሌለበት ቢሆን ይመረጣል።